የወሰን ማኅተም በማን እጅ? በአሜሪካ የቀያሾች ፈቃድ ላይ የተነሣው ሙግት

እ.ኤ.አ. በ2017 የሚሲሲፒ ግዛት የመሐንዲሶችና የቀያሾች ፈቃድ ቦርድ ቪዛላይን በተባለ አነስተኛ ድርጅት ላይ ክስ መሠረተ። ድርጅቱ መስክ ወጥቶ አይለካም፤ ችካልም አይተክልም። የሚሠራው በመሬት ውል ላይ በጽሑፍ የሰፈረውን የወሰን መግለጫ ወስዶ፣ አቅጣጫውንና ርቀቱን ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ፣ በሳተላይት ፎቶ ላይ መስመር አድርጎ ማሳየት ነበር። ደንበኞቹ ዋጋቸው ዝቅ ባለ ይዞታዎች ላይ ብድር የሚሰጡ የአካባቢ ባንኮች ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ብድር ሙሉ ቅየሳ ማስደረግ ስለማያዋጣቸው፣ የሚይዙት መሬት ምን እንደሚመስል በሥዕል ማየት ብቻ ይበቃቸዋል። ቦርዱ ግን ይህ ያለ ፈቃድ መቀየስ ነው አለ። ድርጅቱ ሥራውን እንዲያቆም ብቻ ሳይሆን እስከዚያ ከደንበኞቹ የተቀበለውን ገንዘብ እንዲመልስም ጠየቀ።

ብዙም ሳይቆይ በኖርዝ ካሮላይና የሚመሳሰል ጉዳይ ተነሣ። አንድ የድሮን ባለሙያ ከአየር የሚያነሣቸውን ፎቶዎች እየገጣጠመ፣ ርቀትና ስፋት ሊነበብባቸው የሚችሉ ካርታዎችን ለደንበኞች ለማቅረብ ተነሣ። ሥራው የወሰን ቅየሳ እንዳልሆነ በማስጠንቀቂያ ቢገልጽም የግዛቱ የቀያሾች ፈቃድ ቦርድ አልተቀበለውም፤ በ2019 በጻፈለት ደብዳቤ ያለ ፈቃድ በቀያሽነት ሙያ እየሠራ መሆኑን አስታወቀው። ባለሙያው ሥራውን ካቆመ በኋላ በ2021 ቦርዱን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ።

በሁለቱም ሙግቶች የቀረበው መከራከሪያ አንድ ነው። መረጃን ሰብስቦ ለሌላ ሰው መስጠት ንግግር ነው፤ ንግግርን ደግሞ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ይጠብቃል፤ ስለዚህ መንግሥት ፈቃድ ካላወጣህ ካርታ አትሥራ ሊል አይችልም የሚል ነው። ፍርድ ቤቶቹ ግን አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 የሙያ ፈቃድ ሕግ፣ የፈቃድ ሕግ በመሆኑ ብቻ ከመናገር ነፃነት ጥያቄ ሊያመልጥ እንደማይችል ወስኖ የቪዛላይንን መዝገብ ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰው። የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በበኩሉ በግንቦት 2024 የኖርዝ ካሮላይናን ቦርድ ደገፈ። ሕጉ በዋናነት የሚገዛው ሙያዊ ተግባርን ነው፤ ንግግርን የሚነካው በተጓዳኝ ነው፤ ግዛቱም የንብረት ወሰንንና የሕዝብን ጥቅም ለመጠበቅ በቂ ምክንያት አለው ሲል ደመደመ።

ሙግቱ በመናገር ነፃነት ዙሪያ መካሄዱ የጠበቆችን ስልት ያሳያል እንጂ የጉዳዩን ሥር አይነካም። ዋናው ጥያቄ ግዛቶች ለቀያሽ ፈቃድ የሚሰጡት ምኑን ለመጠበቅ ነው የሚለው ነው። የመለካት ችሎታን ለመጠበቅ ከሆነ ዘመኑ አልፎበታል፤ ዛሬ ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ መቀበያ የያዘ ወጣት ቴክኒሺያን የጥንቱ ቀያሽ በሳምንት የሚለካውን በግማሽ ቀን፣ ያውም በሴንቲሜትር ጥራት ለክቶ ይመለሳል። የሚጠበቀው ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ ሕጉ ያንን ነገር በስሙ ጠርቶ፣ አጥሩን በእሱ ዙሪያ ብቻ ማጠር አለበት። የብዙ ግዛቶች ሕግ ይህን አላደረገም።

መነሻውን ማየት ይጠቅማል። ቀያሽን መሾም በአሜሪካ ምድር ከአገሪቱ ምሥረታ የቀደመ ልማድ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1749፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ በቨርጂኒያ የከልፔፐር ካውንቲ ቀያሽ ሆኖ ሲሾም የሹመት ደብዳቤውን ያገኘው ከዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ነበር፤ ኮሌጁ ይህን ሥልጣን ያገኘው ከእንግሊዝ ዘውድ ነው። አብርሃም ሊንከን በ1833 በኢሊኖይ የሳንጋሞን ካውንቲ ምክትል ቀያሽ ሲሆን ግን የረዳው ኮሌጅ አልነበረም፤ መጻሕፍት ተውሶ ራሱን አስተምሮ ነው ወደ መስክ የወጣው። ቤንጃሚን ባኔከርም እንዲሁ በራሱ ጥረት የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በ1791 ከቀያሹ አንድሩ ኤሊኮት ጋር ተቀጥሮ ለአገሪቱ ዋና ከተማ የተመደበውን መሬት መነሻ ነጥብ ለማግኘት ከዋክብትን ሲከታተል ዕድሜው ወደ 60 ይጠጋ ነበር። የዚያ ቅየሳ መነሻ የሆነው ድንጋይ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጆንስ ፖይንት ላይ ተተከለ። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ማይል በሆነው አራት ማዕዘን ዙሪያ በየማይሉ አንድ ድንጋይ ቆመ፤ በድምሩ 40 ናቸው፤ አብዛኞቹም ዛሬ ድረስ አሉ። የሰሜኑ ማዕዘን የሚያርፈው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል በየቀኑ የሚመላለሰው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቹ ግን መንገዳቸው በባኔከር መስመር አጠገብ እንደሚያልፍ አልሰሙም።

በሕግ የተደነገገ የግዛት ፈቃድ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ካሊፎርኒያ በ1891 የመሬት ቀያሾችን በሕግ መፍቀድ ጀመረች። ዋዮሚንግ በ1907 መሐንዲሶችንና ቀያሾችን አንድ ላይ የሚገዛ ሕግ አወጣች፤ ለመሐንዲሶች ይህ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። የዋዮሚንጉ ታሪክ ለዛሬው ክርክር ይጠቅማል። በደረቁ ምዕራብ ውኃ ከመሬት ይከብዳል፤ ገበሬው ከወንዝ ውኃ ለመጥለፍ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት ካርታ አያይዞ ማመልከት ነበረበት። የግዛቱ ዋና መሐንዲስ ክላረንስ ጆንስተን ግን በየቀኑ የሚደርሱት ካርታዎች ጠበቃውም፣ ውል አዋዋዩም፣ ሌላውም ራሱን መሐንዲስና ቀያሽ ብሎ የፈረመባቸው፣ መሬት ላይ ካለው ጋር የማይገጥሙ ሆነው አገኛቸው። በአንድ የተሳሳተ ካርታ የሚጎዳው አመልካቹ ብቻ አልነበረም፤ በታችኛው ተፋሰስ ያለው፣ አመልካቹን አይቶት እንኳ የማያውቀው ገበሬ ውኃውን ያጣል። ፈቃዱ የተወለደው ከዚህ ጉዳት ነው።

ይህ ነጥብ የቀያሽን ፈቃድ ከብዙ ሌሎች ፈቃዶች ይለየዋል። በ2015 ኋይት ሐውስ ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከአሜሪካ ሠራተኞች ከሩብ በላይ የሚሆነው ለሥራው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በ1950ዎቹ ግን ፈቃድ የሚጠየቀው ከመቶው አምስት እንኳ አይሞላም ነበር። ሉዊዚያና አበባ አሰናድቶ ለሚሸጥ ሰው ሳይቀር ፈቃድ ትጠይቅ ነበር። አበባው ካላማረ የሚከፋው የገዛው ሰው ነው፤ በሚቀጥለው ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ቀያሽ ሲሳሳት ግን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ከቀያሹ ጋር ምንም ውል የሌለው ጎረቤት ነው። ገበያ እንዲህ ያለውን ሰው አይጠብቀውም፤ ቀያሹን አልመረጠም፣ ዋጋ አልተደራደረም፣ ሥራውን አላየም። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ አጥር ሦስት ጫማ ወደ ግቢው ገብቶ ያገኘዋል። ዝም ካለም ጊዜው ይቆጠርበታል። ሕጉ የሚጠይቃቸው ሌሎች ሁኔታዎች ከተሟሉ በሜሪላንድ 20 ዓመት፣ በቨርጂኒያ 15 ዓመት፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ የንብረት ግብሩን እየከፈለ 5 ዓመት የያዘ ሰው የሌላውን መሬት የራሱ ሊያደርግ ይችላል።

ታዲያ ቀያሹ የሚሠራው ምንድን ነው? ብዙ ሰው እንደሚገምተው ውሉ ላይ የተጻፈውን ርቀት መሬት ላይ ለክቶ ማስቀመጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ቶማስ ኩሊ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ስለ ቀያሾች በጻፉት፣ እስከ ዛሬ በሙያው ትምህርት በሚጠቀስ ጽሑፋቸው ይህን አስተሳሰብ አጥብቀው ተቃውመዋል። በእሳቸው አመለካከት የቀያሹ ተግባር የወሰን ድንጋዩ የት መሆን ነበረበት ብሎ ማስላት አይደለም፤ የመጀመሪያው ቀያሽ በተጨባጭ የት እንዳስቀመጠው ፈልጎ ማግኘት ነው። ድንጋዩ ከጠፋም ሰዎች ለዘመናት አምነው የኖሩበትን መስመር በማስረጃ ማረጋገጥ ነው።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። በውሉ ላይ ያሉት መግለጫዎች እርስ በርስ ሲጋጩ በመጀመሪያ የሚታመነው እንደ ወንዝና አለት ያለ የተፈጥሮ ምልክት ነው፤ ቀጥሎ ሰው የተከለው ድንጋይ ወይም ብረት፤ ከዚያ አቅጣጫና ርቀት፤ ስፋት መጨረሻ ላይ ይመጣል። ማሽን በከፍተኛ ጥራት የሚለካቸው ርቀትና ስፋት በማስረጃ ደረጃ ዝቅተኞቹ ናቸው ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው እጅግ ዘመናዊ መሣሪያ ይዞ እጅግ ትክክለኛ የሆነ ስሕተት ሊሠራ ይችላል።

የሁለቱ ካሮላይናዎች ድንበር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መስመሩ መቀየስ የጀመረው በ1735 ሲሆን ምልክቶቹ በአብዛኛው በዛፍ ግንድ ላይ የተቆረጡ ነበሩ። ዛፎቹ ሞቱ፣ ተቆረጡ፣ ከጊዜ በኋላ ሕዝቡም መንግሥትም መስመሩ ያልፍበታል ብሎ የሚገምተው ቦታ ከእውነተኛው ቦታ ራቀ። ሁለቱ ግዛቶች በ1990ዎቹ ተስማምተው ሥራ ሲጀምሩ ቀያሾቹ አዲስ ቀጥ ያለ መስመር አላሰመሩም፤ የድሮ ውሎችንና ካርታዎችን እያገላበጡ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቀያሾች የረገጡትን መንገድ ተከተሉ። ሥራው ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ፈጀ። ውጤቱ በጥር 2017 ሥራ ላይ ሲውል 19 ቤቶች ግዛት ቀየሩ። በሌክ ዋይሊ አቅራቢያ የነበረ አንድ ነዳጅ ማደያም ከሳውዝ ካሮላይና ወደ ኖርዝ ካሮላይና ገባ። ድሮን እዚያ መስመር ላይ ቢበር ቤቶቹንና ማደያውን አጥርቶ ያሳያል፤ ከ280 ዓመት በፊት የነበረ የዛፍ ምልክት የት እንደነበር ግን ሊናገር አይችልም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን አሠራር ሩቅ አገር ሳይሄድ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በትግራይ፣ ከዚያም በአማራና በሌሎች ክልሎች የገጠር መሬት ሲመዘገብ በብዙ ቦታ መሣሪያው ገመድ ነበር። ለምዝገባው ክብደት የሰጠው ግን ገመዱ አልነበረም፤ አዋሳኞቹ ባሉበት፣ የቀበሌው ሰው እየሰማ፣ ወሰኑ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ቦይ ነው ተብሎ መመስከሩ ነው። በኋላ በአየር ፎቶና በሳተላይት መለኪያ የታገዘው ሁለተኛው ዙር ሲመጣም አዋሳኝ ጠርቶ ማስመስከሩ አልቀረም። በእርግጥ በሁለቱ አገሮች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ መዝጋቢው መንግሥት ራሱ ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ባለመሬቱ በገንዘቡ የግል ቀያሽ ይቀጥራል። መንግሥት ራሱ ስለማይለካ፣ የሚለካውን ሰው በፈቃድ ይቆጣጠራል።

ፈቃዱ ግዴታ ብቻ ሳይሆን ሥልጣንም ያሸክማል። በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ለሥራው የወሰን ምልክት ለመፈለግ በሕጉ መሠረት ወደ ጎረቤት ግቢ መግባት ይችላል። በካሊፎርኒያ ደግሞ በቅየሳው ሕጉ የዘረዘራቸውን አዳዲስ ነገሮች ካገኘ፣ ለምሳሌ ቀድሞ በመዝገብ ያልሰፈረ ወሰን ከወሰነ፣ በ90 ቀን ውስጥ የቅየሳ ሰነድ ለካውንቲው የማስገባት ግዴታ አለበት። ሰነዱ ከዚያ በኋላ የሕዝብ ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣው ቀያሽ ያነበዋል። ስለዚህ አንድ ቀያሽ ማኅተሙን ሲያሳርፍ ለከፈለው ደንበኛ ብቻ አይደለም የሚፈርመው፤ ገና ላልተወለደው ገዢም ጭምር ነው። ፈቃዱን የሚቃወሙ ወገኖች ይህን ጎን እምብዛም አያነሡትም፤ ሊያነሡት ይገባል።

የፈቃድ ሥርዓቱ ተከላካዮች የማያነሡት ደግሞ ሌላ ነው። አገሪቱ በወሰን ጉዳይ አንድ አይደለችምና ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ እውነተኛ ምክንያት አለ። 30 ግዛቶች በ1785ቱ ድንጋጌ በተጀመረው የካሬ አከፋፈል ተቀይሰዋል፤ ስድስት ማይል በስድስት ማይል የሆነ ታውንሺፕ፣ እሱም እያንዳንዳቸው 640 ኤከር በሆኑ 36 ክፍሎች ይከፈላል። የምሥራቁ ጥንታዊ ግዛቶች ከዛፍ ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ ጅረት በሚሄድ መግለጫ ይተዳደራሉ። ቴክሳስ በ1845 ወደ ኅብረቱ ስትገባ የሕዝብ መሬቷን ለፌዴራሉ ስላልሰጠች የካሬው ሥርዓት አልገባባትም፤ በድሮ ሰነዶቿ ላይ የስፔኖች መለኪያ የሆነው ቫራ አሁንም አለ፤ አንዱ ቫራ 33 ከ1/3 ኢንች ነው። በኦሃዮ የሠለጠነ ሰው ይህን ሳያጠና ቴክሳስ ውስጥ ወሰን ሊፈርድ አይገባም።

ነገር ግን የግዛቶቹ ልዩነት ሁሉ በዚህ አይገለጽም። ብሔራዊው የመሐንዲሶችና የቀያሾች ፈታኞች ምክር ቤት፣ በ1920 የተቋቋመው፣ ሁለት የጋራ ፈተናዎችን ያዘጋጃል፤ 110 ጥያቄ ያለው የመሠረታዊ ዕውቀት ፈተናና 100 ጥያቄ ያለው የሙያ ፈተና። ግዛቶቹ እነዚህን ይቀበላሉ፤ በተጨማሪ የራሳቸውን ሕግና ታሪክ የሚመለከት ፈተና ያክላሉ። እስከዚህ ድረስ አግባብ ነው። ልዩነቱ የሚሰፋው ወደ ፈተናው ለመግባት በሚጠየቀው ላይ ነው። ኒው ጀርሲ በቅየሳ የመጀመሪያ ዲግሪ ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ ዲግሪ የሌለውን ሰው በቂ ኃላፊነት የተሸከመበት የመስክና የቢሮ ሥራ ያለበት የስድስት ዓመት ልምድ ካለው ትቀበላለች። አንዱ ግዛት ብቁ ያለውን ሰው ሌላው ደጅ ላይ ያቆመዋል።

የዲግሪውን ግዴታ የሚደግፉ ሰዎች ሥራው ዛሬ ስታቲስቲክስን፣ የምድርን ቅርጽ ሳይንስና የንብረት ሕግን እንደሚጠይቅ ይናገራሉ። እውነታቸውን ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2022 መጨረሻ ለቀያሾች የተለየ የነበረውን የጫማ መለኪያ ከአገልግሎት ሲያወጣ፣ ከዓለም አቀፉ ጫማ ጋር የነበረው ልዩነት በሚሊዮን ሁለት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ከመነሻው ሁለት ሚሊዮን ጫማ የራቀ ነጥብ ላይ ይህ ልዩነት አራት ጫማ ይሆናል። ይህን ሳያስተውል የሚያልፍ ሰው ሕንፃን ከቦታው ሊያዛንፍ ይችላል። ሆኖም ዕውቀቱን የሚፈትነው ፈተናው ነው፤ ዲግሪው ወደ ዕውቀቱ ከሚወስዱ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። የቅየሳ የዲግሪ ትምህርት የሚሰጡ ኮሌጆች በአገሪቱ ጥቂት ናቸው፤ በየግዛቱም አይገኙም። ከልጅነቱ ጀምሮ በቀያሽ ቡድን ውስጥ ችካል ሲተክል፣ መሣሪያ ሲያቆም፣ መዝገብ ቤት ውል ሲያነብ የኖረ ሰው፣ ሁለቱንም ፈተና ካለፈና ሥራውን የሚያውቁ ባለፈቃዶች ከመሰከሩለት፣ የቀረበት ነገር ምን እንደሆነ የዲግሪ ግዴታ ያላቸው ግዛቶች በቅጡ ማስረዳት አለባቸው። ባኔከርና ሊንከን ዛሬ ቢኖሩ ኒው ጀርሲ ውስጥ ለፈተናው እንኳ አይቀርቡም።

ይህ በስደት ያለውን ባለሙያም ይመለከታል። የውጭ አገር ትምህርት ያላቸውን አመልካቾች ማስረጃ ብሔራዊው ምክር ቤት ራሱ የሚመዝንበት አሠራር አለው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት የተማረ ወይም በአገር ቤት በካዳስተር ሥራ ዓመታት ያሳለፈ ሰው አሜሪካ ሲደርስ በቴክኒሺያንነት መጀመሩ የሚገርም አይደለም፤ የቨርጂኒያን የንብረት ሕግ ማንም ይዞ አይወለድም። ዕውቀቱ በፈተና ተመዝኖ የሚያልፍበት ክፍት መንገድ ግን ያስፈልገዋል። ልምድን የሚቀበል ግዛት ይህን መንገድ ይሰጠዋል፤ ከአንድ ዓይነት ዲግሪ ውጭ የማይቀበለው ግን እንደገና አራት ዓመት ትምህርት ቤት ግባ ይለዋል።

አሪዞና በ2019 በሌላ ግዛት የተሰጠን የሙያ ፈቃድ በሰፊው የሚቀበል ሕግ በማውጣት ፈር ቀደደች፤ ሌሎችም ተከተሏት። በዚያው ዓመት የሒሳብ፣ የሥነ ሕንፃ፣ የምሕንድስናና የቅየሳ ፈቃድ ድርጅቶች የጋራ ኅብረት አቋቁመው ለሕዝብ ደኅንነት ወሳኝ የሆኑ ሙያዎች ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው እንዳይታዩ መከራከር ጀመሩ። ሥጋታቸው መሠረት አለው፤ ግን መልሱ በር መዝጋት አይደለም። አንድ ጊዜ የተፈተነ ቀያሽ በአዲሱ ግዛት እንደገና ስለ ማዕዘን ስሌት መጠየቅ የለበትም፤ ስለ ግዛቱ የወሰን ሕግ ግን የግድ መጠየቅ አለበት።

ቦርዶቹ ለምን ወደ ሰፊ ትርጉም ያዘነብላሉ? ከአባላቱ አብዛኞቹ ራሳቸው ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው። ይህ ሙያውን የሚያውቅ ሰው እንዲፈርድ ያደርጋል፤ በአንጻሩ ተፎካካሪን የማስቆም ሥልጣን በተፎካካሪ እጅ ያስገባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በኖርዝ ካሮላይና የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ በገበያው ውስጥ ያሉ ባለሙያዎች የሚመሩት ቦርድ ግዛቱ በንቃት ካልተቆጣጠረው ከፀረ ውድድር ሕግ ተጠያቂነት እንደማያመልጥ ወስኗል። የጉዳዩ መነሻ የጥርስ ሐኪሞቹ ቦርድ ጥርስ የሚያነጡ ሰዎችን ለማስቆም የላካቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። ለድሮን ባለሙያው ከተጻፈው ደብዳቤ ጋር መንፈሳቸው አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግዛት ለቀረው አገር ምሳሌ የሚሆን አሠራር አለው። በሜሪላንድ ቤት የሚገዛ ሰው ግዢው በሚጠናቀቅበት ክሎዚንግ ላይ ከሚፈርምባቸው ወረቀቶች መካከል ሎኬሽን ድሮዊንግ የሚባል አንድ ገጽ ሥዕል አለ። ቤቱንና የግቢውን መስመር ያሳያል፤ የቀያሽ ማኅተምም አለበት። ብዙ ገዢ የቅየሳ ካርታ ተሰጠኝ ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ከዓመት በኋላ አጥር ሲሠራ አውጥቶ በእሱ ይለካል። የግዛቱ የቀያሾች ቦርድ ደንብ ግን ይህ ሥዕል የሚጠቅመው አበዳሪው ወይም ለባለቤትነቱ ዋስትና የሚሰጠው ታይትል ኩባንያ ለሚፈልገው ዓላማ ብቻ እንደሆነ፣ አጥርም ሆነ ጋራዥ ለመሥራት ሊታመን እንደማይገባ ይደነግጋል፤ ማስጠንቀቂያውም በሰነዱ ላይ እንዲሰፍር ያዛል። በሞንትጎመሪ ካውንቲና በፕሪንስ ጆርጅስ ቤት ለገዙ ብዙ ቤተሰቦች ይህን አንድ አንቀጽ ማንበብ ከጎረቤት ጋር ፍርድ ቤት ከመቆም ያድናል። አጥር ከመሥራት በፊት የሚያስፈልገው የወሰን ቅየሳ የሚባለው ሌላው ሥራ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ማዕዘኖቹም መሬት ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል።

የሜሪላንድ ደንብ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፤ ሥዕልንና የወሰን ፍርድን በሕግ መለየት ይቻላል። ግዛቱ ሥዕሉ ምን እንዳልሆነ በግልጽ ቃል እንዲጻፍበት አስገድዶ፣ ባንኩ የሚፈልገውን በቅናሽ እንዲያገኝ ፈቀደ። በእርግጥ ሜሪላንድም ሥዕሉን የሚሠራው ቀያሽ እንዲሆን ታደርጋለች፤ መለያ መስመሩ ግን አለ። ሚሲሲፒ ለቪዛላይን፣ ኖርዝ ካሮላይና ለድሮን ባለሙያው ይህንኑ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ ወሰን አትወስን፣ ችካል አትትከል፣ ሥራህ ቅየሳ አለመሆኑን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፍ፣ ከዚያ በላይ ግን አንከለክልህም ማለት። እነሱ የመረጡት መከልከልን ነው። የጣሪያ ሠራተኛ፣ የእርሻ ባለቤት፣ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዛሬ ሁሉም ከአየር ፎቶ ርቀት ያነባሉ፤ ሕጉ እንደ ቃሉ ከተተረጎመ ከእነሱ ስንቱ ሕገወጥ እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

የአራተኛው ወረዳ ፍርድ በሕግ ረገድ ሊጸና የሚችል ነው። ፍርድ ቤቱ የተጠየቀው ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ወይ የሚለውን እንጂ ሕጉ ጥሩ ነው ወይ የሚለውን አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ የሕግ አውጪዎች ነው፤ እነሱም ጉዳዩን የሚያነሡበት አጋጣሚ ቀርቧል። የፌዴራሉ የጂኦዴቲክ ቅየሳ ተቋም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያገለገለውን የአገሪቱን የቦታ መለኪያ ማጣቀሻ ሥርዓት በአዲስ ሊተካ ነው። አዲሱ ሥርዓት ሥራ ላይ ሲውል አንድም ድንጋይ ሳይነቃነቅ በብዙ ቦታ የነጥቦችን አቀማመጥ የሚገልጸው አኃዝ ከአንድ ሜትር በላይ ይለወጣል። የአሮጌው ሥርዓት ስም በብዙ ግዛቶች ሕግ ውስጥ ስለተጻፈ፣ ያላሻሻሉት ግዛቶች ሕጉን ከፍተው ማረም ይኖርባቸዋል። አሮጌውን አኃዝ ከአዲሱ ጋር አስታርቆ ወሰኑ ከነበረበት አለመንቀሳቀሱን በፊርማው የሚያረጋግጥ ሰውም በየካውንቲው ያስፈልጋል፤ ለዚህ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ምትክ የለውም። ሕጉ ለዚህ በተከፈተበት ጊዜ ግዛቶቹ በዚያው ምዕራፍ ውስጥ የቅየሳን ትርጉም ወደ ወሰን ፍርድ ማጥበብ፣ የልምድ መንገዱን ለፈተና መክፈት፣ የሥዕልና የፎቶ አገልግሎቶችንም በሜሪላንድ ዓይነት ግልጽ ማስጠንቀቂያ መፍቀድ ይችላሉ።